ማይክሮሜትር ልትገዙ ስትሄዱ ኩሽኔታ ኪሳችሁ ያዙ

አምና ክረምት ላይ መኪና እጥበት ያለው ጎረቤቴ የውሃ ፓምፑን ሻፍት ይዞ መጣ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቷል፤ አዲስ ሻፍት እንድሠራለት ነው የፈለገው። ሥራው ከባድ አይደለም። የኩሽኔታው ቁጥር 6204 ነው። ውስጡ 20 ሚሊ፣ ውጪው 47፣ ወርዱ 14። ግቢዬ ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ በትንሿ ቶርኖዬ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ብረቱን አሰርኩና ማውረድ ጀመርኩ። በዲጂታል ካሊፐሬ (ተንሸራታች መንጋጋ ባለው መለኪያ) እየለካሁ ሄጄ 20.00 ሲል አቆምኩ። ኩሽኔታውን ሳስገባው እጄ ላይ ላላ ብሎኝ ነበር። ግን ስክሪኑ 20.00 ይላል። ከእጄ ይልቅ ስክሪኑን አመንኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ተመለሰ። ፓምፑ ይጮኻል። ፈታነው። የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ሻፍቱ ላይ ሲሽከረከር ሰንብቶ ብረቱን እንደ መስታወት አብርቶታል። ዳር ዳሩ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ዱቄት ተጋግሯል። ብሩን መለስኩለት። ያ ሰው ፓምፑ በቆመ ቁጥር የቀን ገቢው ይቆማል። እሱ ነው ያሳዘነኝ።

ሻፍቱን ይዤ ቶርኖ ወዳስተማሩኝ ሽማግሌ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«ስንት ነው ብለህ ነው የሠራኸው?» አሉኝ።

«20 ነው ጋሼ። 20.00 ነው የሚለው።»

«ማነው የሚለው?»

ካሊፐሩን አሳየኋቸው። እሳቸው ግን ሳይበላ የቀረውን የሻፍቱን ጫፍ በጨርቅ ጠረጉና ከመሳቢያቸው ማይክሮሜትር (በብሎን እየተዘጋ ውፍረት የሚለካ ዕቃ) አውጥተው ለኩት። ከዚያ አዙረው እንደገና ለኩት። «19.96» አሉኝ። «እጅህ ነግሮህ ነበር አይደል?»

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ትንሽ ቶርኖ ወይም ፍሬዛ ላላችሁ፣ ወይም ልትገዙ ለምታስቡ ነው። የመለኪያ ዕቃ ላይ ብዙ ብር ማውጣት አትችሉም፤ እኔም አልችልም። ግን በዚያችው ባለችን ብር ትክክለኛውን ዕቃ መግዛት ይቻላል። እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነው የደረስኩበት።

መጀመሪያ ካሊፐሩ ለምን እንደዋሸኝ ላስረዳ። ርካሽ ዲጂታል ካሊፐር እስከ 0.01 ሚሊ የሚያነብ ስክሪን አለው። ይህ ማለት ግን እስከ 0.01 ልክ ነው ማለት አይደለም። ዕቃው ጤነኛ ሆኖ እንኳ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 0.02 ወይም 0.03 ሚሊ ይስታል። የታወቀው የጃፓን ሚቱቶዮ እንኳ ለ150 ሚሊ ዲጂታል ካሊፐሩ የሚሰጠው ዋስትና 0.02 ነው። አሁን ሻፍቱን እንመልከት። የፓምፕና የሞተር ሻፍት የ20 ሚሊ ኩሽኔታ ሲሸከም የተለመደው ልክ ከ20.002 እስከ 20.015 ነው። ጠቅላላ ስፋቱ 13 ማይክሮን፣ ማለትም 13 ሺኛ ሚሊ ብቻ። 30 ማይክሮን የሚስት ዕቃ ይዞ 13 ማይክሮን ፍለጋ መውጣት ወርቅን በሽንኩርት ሚዛን እንደ መመዘን ነው።

ሌላም ችግር አለ። ካሊፐር ላይ ዕቃው የሚለካው ከመንጋጋዎቹ መሃል ነው፤ ቁጥሩ ያለው ግን ሌላ ቦታ፣ ዘንጉ ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ስለዚህ በአውራ ጣት ጠበቅ ሲደረግ ተንሸራታቹ መንጋጋ በጥቂቱ ያዘነብላል። ቤቴ ገብቼ ሞከርኩት። ያንኑ ሻፍት፣ ያንኑ ቦታ፣ ጣቴን ሳጠብቅ 19.95 አለኝ። ሳላላው 20.00። ብረቱ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ጣቴ ነው።

ማይክሮሜትር ላይ ይህ ችግር የለም። ብሎኑና የሚለካው ዕቃ አንድ መስመር ላይ ናቸው። አሠራሩም የሚያምር ነው። ብሎኑ አንድ ዙር ሲዞር ግማሽ ሚሊ ይሄዳል። የሚዞረው ከበሮ ዙሪያውን በ50 ተከፍሏል። ግማሽ ሚሊ ለ50 ሲካፈል 0.01 ሚሊ። ባትሪ የለው፣ ስክሪን የለው። ይህን ዕቃ ዣን ሎራን ፓልመር የተባለ ፓሪሳዊ በ1848 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አስመዘገበው፤ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ «ፓልመር» ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልተለወጠም። ለዚህም ነው አሮጌ ማይክሮሜትር ዋጋ ያለው። ኤሌክትሮኒክስ ያረጃል። በደንብ የተሠራና የተጠበቀ ብሎን ግን ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው።

እሺ፣ ማይክሮሜትር ልግዛ አልኩ። መርካቶ ወጣሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ የዚያ የታወቀ ጃፓን ስም የተጻፈበት፣ በጥሩ ሳጥን የታሸገ 0–25 ማይክሮሜትር (ከ0 እስከ 25 ሚሊ የሚለካ) አገኘሁ። ዋጋው ከጠበቅኩት ግማሽ በታች ነበር። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ስሙን አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ ከፈልኩ። ዘግቼ ሳየው ዜሮው ልክ ነው። ቤቴ ወስጄ መሃሉ ላይ ስሞክረው ግን 0.03 ይስታል። ከበሮውን ሳዞረው አንድ ቦታ ይጠብቃል፣ ትንሽ አለፍ ሲል ይላላል። የታወቁ የመለኪያ ዕቃዎች አስመስለው የተሠሩ ዓይነቶች በየአገሩ ገበያ ላይ አሉ፤ የእኔም አንዱ ነበር። ስመልሰው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። የመለኪያ ዕቃን ስሙን አይቶ ሳይሆን ለክቶ ነው መግዛት። ለመለካት ደግሞ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ያስፈልጋል። ላቦራቶሪ ያለው ሰው ጌጅ ብሎክ (መጠኑ በጣም ትክክል የሆነ የብረት ቁራጭ) አለው። እኛ ግን በጥቂት ብር የምናገኘው፣ ኪስ የሚገባ፣ በጣም ትክክለኛ የሆነ ነገር አለን፤ ኩሽኔታ።

ኩሽኔታ የሚሠራው በሚገርም ጥንቃቄ ነው። 608 የሚባለውን ትንሹን ኩሽኔታ ታውቁታላችሁ። በስኬቲንግ ጫማ ጎማ ውስጥ ያለው ነው። ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ወርዱ 7 ሚሊ ነው። በተለመደው የጥራት ደረጃ የውጪው መጠን ከ22.000 መብለጥ አይችልም፣ ከ21.991 ማነስም አይችልም። ማለትም ጥሩ ማይክሮሜትር 608ን ሲለካ ወይ 22.00 ወይ 21.99 ማለት አለበት። 21.96 ካለ ዕቃው ታሟል። 625 ደግሞ ውጪው 16 ነው፤ ከ16.000 እስከ 15.992። ሁለቱን ከያዛችሁ ከዜሮው ጋር ሦስት ቦታ ላይ መፈተን ትችላላችሁ። ለ25–50 ማይክሮሜትር 6204 አለ፤ የውጪው 47 የሚፈቀድለት ጉድለት 11 ማይክሮን ብቻ ነው። የካሊፐሩን የላይኛ መንጋጋ ለመፈተን ደግሞ የዚያው የ6204 የውስጥ 20 ያገለግላል፤ ከ20.000 እስከ 19.990። ሦስት ነገር ግን አስተውሉ። ኩሽኔታው ያልተሠራበት ይሁን። ስሙ የታወቀ ፋብሪካ የሠራው፣ ከምታምኑት ሰው የተገዛ ይሁን፤ አስመስሎ መሥራት ኩሽኔታም ላይ አለና። ወርዱን ደግሞ ለፈተና አትጠቀሙበት፤ ወርድ ላይ የሚፈቀደው ጉድለት ከአንድ አስረኛ ሚሊ በላይ ሊደርስ ይችላል።

በዚህ መልክ ሁለት ኩሽኔታ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። አሮጌ ብረታ ብረት ከሚዘረጉት አንዱ ጋ፣ ከመፍቻና ከፑንታ ክምር ውስጥ፣ የሶቪየት ማይክሮሜትር አገኘሁ። ሳጥን የለውም። ቆሽሿል። ከበሮው በደረቀ ዘይት ተይዞ በግድ ነው የሚዞረው። ግን የመለኪያ ፊቶቹን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ፀሐይ ሳዞራቸው አንዲት ጭረት የለም፣ ጠርዛቸውም አልተሸረፈም። ዝገት የነካው ውጪውን ብቻ ነው። ቀስ ብዬ ከዜሮ እስከ 25 አዞርኩት። ከባድ ነው፤ ግን ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ከባድ ነው። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ያረጀ ብሎን መሃሉ ላይ ይላላል፤ ሰው ብዙ የሚሠራው እዚያ ነውና። እኩል የሚከብድ ግን ቆሻሻ ብቻ ነው ያለው።

608ን አስገባሁ። 22.03። ሻጩ እያየኝ ነው። ከዚያ ዘጋሁትና ዜሮውን አየሁ። እሱም 0.03 ላይ ነው። ልቤ ዘለለ! ዜሮው የሳተውና 22 ላይ የሳተው እኩል ከሆነ ብሎኑ ልክ ነው፤ የሚያስፈልገው ዜሮውን ማስተካከል ብቻ ነው። 625ን ሞከርኩ። 16.03። በቃ። ትንሽ ተከራክሬ ገዛሁት። የከፈልኩት ለዚያ አስመሳይ ካወጣሁት ሲሶ አይሞላም።

ማጽዳቱን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበላሻል። ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ በቤንዚንና በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አጠብኩት። ይህን ውጪ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ ሥሩ። ብርጭቆ ወረቀት ወደ ጥርሱም ሆነ ወደ መለኪያ ፊቶቹ እንዳይጠጋ። የደረቀው ዘይት እንደ ማር ለስልሶ ሲወጣ ከበሮው ላይ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ከደረቀ በኋላ ጥርሱ ላይ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። የሞተር ዘይት አይሆንም፣ ይወፍራል። ግራሶማ ጭራሽ አታስቡት። ከዚያ ፊቶቹ መሃል ንጹሕ ነጭ ወረቀት አስገብቼ በለሆሳስ ዘጋሁና ወረቀቱን ሳብኩት። በዓይን የማይታየው ቆሻሻ ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ወጣ። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አራት ጊዜ ደገምኩት። በመጨረሻ ዜሮውን ለማስተካከል ቀንድ ያለችውን ትንሽ መፍቻ ከሽቦ ሠራሁና መስመሮቹ ያሉበትን ቱቦ ጥቂት አዞርኩት። አሁን ዜሮው ዜሮ ነው፣ 608 ደግሞ 22.00 ለመድረስ ፀጉር የቀረው ይመስላል።

ካሊፐር አትግዙ እያልኩ አይደለም። ካሊፐር በቀን መቶ ጊዜ የሚነሳ ዕቃ ነው። ርዝመት፣ ጥልቀት፣ ጉድጓድ፣ የብሎን ውፍረት፣ ሁሉም በእሱ ነው። ብር ካነሰ ግን ከርካሽ ዲጂታል ይልቅ ጥሩ ባለ መስመር ካሊፐር ምረጡ፤ 0.02 የሚያነበውን። ማንበብ ለመልመድ አንድ ቀን ይበቃል። ርካሹ ዲጂታል ሲጠፋ እንኳ ውስጡ ስለሚሠራ ሳይነካም ባትሪ ይበላል። ዲጂታል ካላችሁ ኤልአር44 ከሚባለው ይልቅ ኤስአር44 ግዙለት፤ ቮልቴጁን እስኪያልቅ ድረስ ሳያወርድ ይቆያል። ቁጥሮቹ ብልጭ ድርግም ካሉ ባትሪው ደክሟልና ያነበባችሁትን አትመኑ።

ሱቅ ውስጥ ካሊፐር ስትመርጡ መንጋጋዎቹን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። በመሃላቸው ብርሃን ከታየ፣ በተለይ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መልሱት። ዲጂታል ከሆነ ዘግታችሁ ዜሮ አድርጉት፣ በፍጥነት እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ በፍጥነት መልሱት። ይህን አሥር ጊዜ ደጋግሙ። ሁልጊዜ ወደ 0.00 ካልተመለሰ ቆጠራው ይጠፋበታል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ታገሡ፤ ብሩ የእናንተ ነው።

አገር ውጪ ዘመድ ላላችሁም አንድ ነገር ላስታውስ። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ማይክሮሜትር ላምጣልህ አለችኝ። ደስ ብሎኝ «እሺ» አልኩ። የመጣው በኢንች ነበር። እዚያ አገር ባለ ብሎኑ ማይክሮሜትር አብዛኛው በኢንች ነው። አንድ ክፍሉ አንድ ሺኛ ኢንች፣ ማለትም 0.0254 ሚሊ ነው። እየተባዛ ይሠራል፤ ግን ማሽን እየዞረ፣ ብረት እየፈላ ሒሳብ መሥራት ስህተት መጥራት ነው። ሰው ስትልኩ «በሚሊሜትር» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩ። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሚያመጣላችሁ ሰውም ቢሆን ይጠይቅ።

አነባበቡ ላይ ሁሉም ጀማሪ የሚሳሳተው አንድ ቦታ አለ። ቱቦው ላይ ከላይ ሙሉ ሚሊ፣ ከታች ግማሽ ሚሊ የሚያሳዩ መስመሮች አሉ። 19ኛው መስመር ታይቶ ከበሮው 47 ላይ ከሆነ 19.47 ነው ትላላችሁ። ግን ከ19 በኋላ የግማሿ መስመርም ብቅ ብላ ከነበረ 19.97 ነው። ግማሽ ሚሊ ስህተት! ለዚህ ነው መጀመሪያ በካሊፐር ለክቼ ከዚያ በማይክሮሜትር የማረጋግጠው። ካሊፐሩ «ወደ 20 ገደማ» ይለኛል፣ ማይክሮሜትሩ መቶኛውን ይነግረኛል። ስታጠብቁም ጫፉ ላይ ባለችው «ትክ ትክ» በምትለው ቁልፍ ብቻ አጥብቁ። ሦስት ትክታ ይበቃል።

ሙቀትም አለ። የመለኪያ ዓለም የተስማማበት ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። አሁን ከመቁረጫው ሥር የወጣ ሻፍት 50 ዲግሪ ቢሆን፣ 20 ሚሊው ላይ 7 ማይክሮን ያህል አብጧል። የእኛ ጠቅላላ ስፋት 13 እንደነበር አስታውሱ። ትኩሱን ልክ አድርጋችሁ ብትተዉት ሲቀዘቅዝ ግማሹን ልክ አጥታችሁታል። ስለዚህ የመጨረሻውን አንድ አስረኛ ሚሊ ሳልነካ አቆማለሁ። ቡና እጠጣለሁ። ብረቱ እጄን የማይሞቀው ሲሆን ለክቼ እጨርሳለሁ።

ለጉድጓድ ገና ጥሩ መለኪያ አልገዛሁም። የኩሽኔታ ቤት ስሠራ ራሱን ኩሽኔታውን እንደ መለኪያ እጠቀምበታለሁ፤ በእጅ ግፊት ገብቶ ሳይንገዋለል ሲቀመጥ ልክ ነው። ለፓምፕና ለትንንሽ ሞተሮች ይህ አላሳፈረኝም።

የጎረቤቴን ሻፍት በነጻ እንደገና ሠራሁለት። በማይክሮሜትሩ 20.01 ላይ። ኩሽኔታው በእጅ አልገባም፤ በቱቦ የውስጥ ቀለበቱን ብቻ እየመታሁ አስገባሁት። ፓምፑ ክረምቱን ጨርሶ በጋውን ሠርቶ ዛሬም ይሠራል።

አሁን በምን ልጀምር ለምትሉኝ፣ እኔ ብሆን ባለ መስመር ካሊፐርና ያገለገለ 0–25 ማይክሮሜትር አብሬ እገዛለሁ። ከዚያ ማንድሪኖ (ብረቱን የሚይዘው የቶርኖ መንጋጋ) ላይ የታሰረ ብረት መሃሉን መያዙን የሚያሳየውን ባለ መርፌ መለኪያ፣ ዳያል ኢንዲኬተር ከነማግኔት መቆሚያው። እሱ ላይ ርካሹም ይሠራል፤ የምናየው መርፌው መወዛወዙን እንጂ ትክክለኛውን ቁጥር አይደለምና። 25–50 ማይክሮሜትር የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እሱን ስትገዙ ግን አብራው የምትመጣዋ የ25 ሚሊ ማስተካከያ ዘንግ ሳጥኑ ውስጥ መኖሯን እዩ። እሷ ከሌለች ዜሮውን የምታዩበት ነገር የላችሁም፤ ዋጋውን አስቀንሱ፣ ወይም 6204ን ከኪሳችሁ አውጡና እሱ የሚለውን ስሙ።